የነፋስ ጠሪው ጥርስ

ዕድሜ ሲገፋ ሰው ስለ ነፋስ ያስባል። አይታይም፤ መኖሩ የሚታወቀው ሌላውን ሲያንቀሳቅስ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ምክንያትና ውጤት አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ደሴ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ወደ ተወለድኩበት ሐይቅ ስመለስ ግን አብሮ አደጌ ታረቀኝ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ፉጨት አፈረሰብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሐይቁ በላይ ባለው ጋራችን፣ ጤፍ ተወቅቶ ገለባውን ከፍሬው ለመለየት ነፋስ ሲጠበቅ፣ ነፋሱ እንቢ ካለ ይፏጭለታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ልመና የሚመስል ፉጨት ነው። ማንም ተነሥቶ አያፏጭም፤ ሁለት ሰው ከጠራው ነፋሱ የቱ ጋ ልሂድ ብሎ ይዋልላል ይባላል። ሴት ደግሞ ጭራሽ አታፏጭም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ነውር መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል። ከፉጨቱ በፊትም ላይዳውን አንሥቶ ጤፍ ወደ ላይ የሚበትን የለም፤ ሳይፏጭለት የተዘራ ጤፍ በረከቱ ከገለባው ጋር ይሄዳል።

የሚያፏጨው ታረቀኝ ነው። ከሱ በፊት አባቱ ነበሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሱ ፉጨት ያዘራል። የሚከፈለው ነገር የለም፤ ብቻ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲገባ «ነፋስ ጠሪው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይባላል። ሁለት በሬና ከጓሮ እምብዛም የማይሰፋ ማሳ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ሰው ስሙን በመሬት ይይዛል፤ አንዳንዱ በልጅ። ታረቀኝ የያዘው በከንፈሩ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጋራው ላይ አራት የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። ከመተከላቸው በፊት አካባቢውን የሚያጠኑ ሰዎች ድንኳን ጥለው አንድ ዓመት ከረሙ። አፈሩን ለኩ፣ ዛፉን ቆጠሩ፣ ሰማዩን አዩ። ከአምባሰል ገደል ተነሥተው ሐይቅ ከተማ ወዳለው ቄራ የሚወርዱት ጥንብ አንሳዎች መንገዳቸው በኛው ጋራ ላይ መሆኑን ያኔ ደረሱበት። እኛ ከአዳም ጀምሮ እናውቀው ነበር፤ የጠየቀን ግን አልነበረም። ስለዚህ ደንብ ወጣ፦ ከነጫጮቹ የድንበር ድንጋዮች ወዲህ ከሦስት በላይ ጥንብ አንሳ ከገባ ተርባይኖቹ ይቁሙ፤ አሞራው ሲያልፍ ይቀጥሉ።

ይህን የሚጠብቅ ዓይነ ጥሩ ሰው ተፈለገና ታረቀኝ ተቀጠረ። የሩቅ ማያ መነጽር፣ የእጅ ሬዲዮና አንድ ጥራዝ ቅጽ ተሰጠው። ቅጹ ሰዓት፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛትና ሁኔታ ይላል። አለቃው እድላዊት የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ ወጣት ኢንጂነር ናት፤ ቅጹን በየወሩ ወደ አዲስ አበባ ትልካለች። ከመላኩ በፊት ታረቀኝ እኔ ዘንድ ያመጣዋል፣ ፊደሉን እንዳይለት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን። «ጥንብ አንሳ፣ አንድ፣ ሁኔታው፦ የታከተው ይመስላል፤ ቤተሰብ ያለው ነው።»

«አይተኸው ብትሆን አንተም እንዲሁ ትል ነበር።»

«ቁራ፣ ሁለት፣ ሁኔታቸው፦ ስለኔ ያወሩ ነበር።»

«ያወሩ ነበር፣ መምህር። ወላሂ።» ታረቀኝ ክርስቲያን ነው፤ ነገር ሲጠብቅበት ግን እንደ ማንኛውም የወሎ ሰው በጎረቤቱ ቋንቋ ይምላል።

ባለፈው ክረምት የጻፈው ግን አዲስ አበባን አስነሣ። «ያልታወቀ ወፍ። አትታይም፣ ትሰማለች። ንጋት ላይ፣ ከጓሮዬ። ድምፅዋ የኔን ፉጨት ይመስላል፤ ግን ይሻላል።» ከአዲስ አበባ በሳምንቱ መልስ መጣ፦ እጅግ አስፈላጊ ግኝት ሊሆን ስለሚችል ድምፁ ይቀዳ። ታረቀኝ ስልኩን ይዞ አራት ንጋት ጌሾው ሥር ተቀመጠ። ወፊቱ ድምፅዋን አጠፋች። በአምስተኛው ቀን ባለቤቱ ተሾመች የወተት ጮጮዋን እንደያዘች መጥታ ከላይ አየችው።

«ጌሾውን ማን ይሰርቅሃል?»

«ወፍ እየጠበቅሁ ነው።»

«ቀን አሞራ ስትቆጥር ውለህ፣ ደግሞ በንጋት? ተነሥ አንተ ሰው፣ ብርድ ይመታሃል።»

እንግዲህ ወደ ጥርሱ። በገና ማግስት የሽምብራ ቆሎ ሲበላ ጠጠር አገኘውና ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቹ ተያይዘው ሄዱ። የኛ ሰው ለጥርስ አያለቅስም፤ ታረቀኝ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፍኖ መዞር ያዘ። ሲጠይቁት «ብርዱ» ይላል። ከተሾመች በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከጥምቀት በኋላ ጤፉ ሁሉ ተወቅቶ አውድማ ላይ ተከመረ። ነፋሱም በዚያው ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስድስት ቀን። ሐይቁ እንደ ሰሃን ዝም አለ። አራቱ ተርባይኖች ክንፋቸውን ዘርግተው እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሙ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የበልጉ ደመና ቀድሞ መሰብሰብ ጀመረ። አውድማ ላይ ያለ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም፤ እዚያው ይበቅላል።

በስምንተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ታረቀኝ ደጅ መጡ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። አንደኛው ወንዱ ነው፤ ከሁሉ ትልቁ ክምር የሱ ነው፣ ምላሱም እንዲሁ። ሁለተኛዋ ኑርሀያት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆችዋን በአንዲት ክምር ጤፍ የምታሳድር።

«ነፋስ ጠሪው፣» አለ ወንዱ ገና ሳይቀመጥ፣ «ምነው ዝም አልክ? አሞራ መቁጠር ከጀመርክ ወዲህ ነፋሱ ተቀየመህ እንዴ?»

«ጊዜው አልደረሰም፣» አለ ታረቀኝ ከጋቢው ውስጥ።

«ወይስ እነዚያ ቬንትሌተሮችህ ጠጥተውት ጨረሱ? አራት ሆነው ሌት ተቀን ሲጠጡ ምን ይተርፋል!»

«ቬንትሌተር ነፋስ ይሰጣል እንጂ አይጠጣም፣» አልኩ እኔ፤ ዝም ማለት አልችልም።

«እንግዲያው ለምን አይሰጡንም? ይንገሩኛ መምህር!»

ኑርሀያት እጇን ዘርግታ አስቆመችው። «ተወው ወንዱ። ታረቀኝ፣ ወንድሜ፣ ደመናውን አይተኸዋል? ለኔ ብለህ።»

ታረቀኝ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ቅዳሜ፣» አለ።

«ቅዳሜ!» አለ ወንዱ እየተነሣ። «ቅዳሜ ካላመጣኸው ከደሴ የማበጠሪያ ማሽን አስመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ፉጨትህን ለአሞራዎችህ አፏጭላቸው።»

ሲሄዱ ታረቀኝ ወደኔ ዞረ። «መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይህ ነው፤ አትሳቅ።» ጋቢውን ገለጠ።

አልሳቅኩም። ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ፤ ትከሻዬ ግን ከዳኝ።

«ሳቅክ!»

«ሳል ነው።»

«ሳል ትከሻ አይንጥም።» ከዚያ ከንፈሩን አሹሎ ነፋ። የወጣው ድምፅ ከተበሳ ጎማ የሚወጣው ዓይነት ነበር። ደጅ የምትጭር ዶሮ ቀና ብላ አየችን፣ ንቃን ሄደች።

ሳቄ ጠፋ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ፊቴ ተቀምጦ ስሙ በሁለት ጥርስ መካከል ሲያመልጠው አየሁ። ጥርስ የሚተክል ሐኪም ደሴ አለ፤ ግን ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነበር።

የሰም ጥርሱ ሐሳብ የኔ ነው፤ አልክድም። የተረፈ ጧፍ አቅልጬ፣ በጣቴ ጠፍጥፌ፣ በምላጭ ቀርጬ ሁለት ጥርስ ሠራሁለት። ሰው ፍልስፍና ተምሮ በስተርጅና ለጎረቤቱ የሰም ጥርስ ይሠራል ብሎ የነገረኝ መምህር አልነበረም። ሲገጥማቸው ትንሽ ቢጫ ሆኑ እንጂ አምረው ነበር፤ ተሾመች ግን «ፈረስ መሰልክ» አለችው።

ታረቀኝ ሁለተኛ መላም ነበረው። በማግስቱ ተርባይኖቹ ሥር ወዳለችው የእድላዊት ቢሮ ወጣን። ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን የነገውንና የከነገ ወዲያውን ነፋስ በቀስት ታያለች።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይላል። አብሽሩ።»

«ልክ በአራት?»

«ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ነፋስ ነው እኮ፣ የሐይቅ ሚኒባስ አይደለም።» ከዚያ ተነፈሰች። «እኔም እኮ ዘጠኝ ቀኔ ሊሆን ነው፤ አንዲት አምፖል የምታበራ ኤሌክትሪክ አላመነጨሁም። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲደውሉ ስልኩን እፈራዋለሁ።»

ታረቀኝ ቅዳሜ አውድማው ላይ ለመዋል አስፈቀደ። ችግር አልነበረውም፤ ክንፎቹ ካልዞሩ ለአሞራ የሚያሰጋ ነገር የለም፣ አውድማው ላይም ቆሞ ሰማዩ ከነገደሉ ይታያል። ብቻ ሬዲዮውን እንዲይዝ አዘዘችው። ስንወርድ ልቤ ከበደኝ። አራት ሰዓት ላይ የሚመጣን ነፋስ አራት ሰዓት ላይ መጥራት ምን ይባላል? ውሸት ነው? ፀሐይ ስትወጣ የሚጮኸው ዶሮስ? ይህን ለታረቀኝ ብነግረው «ዶሮ ጥርስ የለውም፣ አይጨነቅም» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ አውድማው ዙሪያ ቆሟል። ላይዳው ተደርድሯል፤ ሴቶቹ ሰፌድና ወንፊት ይዘዋል። ሣር አይንቀሳቀስም። አራት ሰዓት ሲሆን ታረቀኝ ወደ መሃል ገባ፣ ጋቢውን ከአፉ ገለጠ፣ በፀጥታው ውስጥ ከንፈሩን አሹሎ ነፋ።

የመጀመሪያው ድምፅ፣ እግዜር ያውቃል፣ ፉጨት ነበር። ደስ ብሎት በርታ ብሎ ነፋ። ሁለቱ ጥርሶች ተያይዘው እንደ ጥይት ወጡና ኑርሀያት ወንፊት ላይ ጠብ አሉ።

«ሱብሃነላህ!» ኑርሀያት በሁለት ጣት አነሣችው፣ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ጤፍ አይደለም።»

«ጥርሱ ነው!» ወንዱ ጮኸ። «ጎበዝ፣ ነፋስ ሲጠራ ጥርሱ በረረ! ጤፉ ውስጥ ጥርስ ዘራ! ለከርሞ እዚህ አውድማ ላይ መንጋጋ እናጭዳለን!»

እንዲያ ተስቆ አያውቅም። ሽማግሌ ላይዳ ተደግፎ ሳቀ፤ ሴቶች ሰፌድ ፊታቸው ላይ ደፍተው ሳቁ። ኑርሀያት ብቻ አልሳቀችም፤ ጥርሱን በቀሚሷ ጠርጋ ለታረቀኝ በሁለት እጅ መለሰችለትና ደመናውን አየች። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። የእድላዊት ቀስት አረፈደ።

«በቃ!» አለ ወንዱ እንባውን እየጠረገ። «ደሴ እደውላለሁ።»

ታረቀኝ ጥርሱን እንደጨበጠ ሰማይ ሰማይ ያያል። አፍሮ መሰለኝ። መነጽሩን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ወደ አምባሰል ገደል አነጣጠረ።

«ተነሡ፣» አለ።

«እነማን?» አልኩት።

«ሰባት... ዘጠኝ። ዘጠኝ ቀን ገደሉ ላይ ተሰፍተው ነበር። ክንፍ ሳያርገበግቡ ነው የተነሡት።» ወደኔ ዞረ፤ ዓይኑ ሌላ ሆኗል። «መምህር፣ ቅጹ ላይ ሁልጊዜ እንዲያ ነው። እንዲህ ሆነው ከተነሡ በሃያ ደቂቃ እኛ ዘንድ ክንፎቹ ይዞራሉ። አንድም ቀን አልሳተም። ነፋሱ መጀመሪያ ገደሉን ይመታል፣ ከዚያ እኛን።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ላይዳችሁን ያዙ! እየመጣ ነው!»

የተንቀሳቀሰ የለም።

«ሳይፏጭለት?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ታረቀኝ፣ ጥርስህ ነው የወለቀው ወይስ ልብህ? ሳይፏጭለት ላይዳ የሚያነሣ ማነው?»

እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ነፋሱ የሚመጣበትን ደቂቃ ያውቃል፤ መጥሪያው ግን እጁ ውስጥ ሰም ሆኖ ቀርቷል። ሌላ ወንድ እንዳያፏጭ፣ ከታረቀኝ ቤት በቀር ነፋስ ጠርቶ የሚያውቅ የለም። ታረቀኝ ዙሪያውን አየ። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ፤ እያወቀ የወደቀ ሰው ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ተሾመች ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ሰፌዷን ለኑርሀያት ሰጠች።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው።

«አሞራ አይዋሽም፣» አለ።

ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፣ መቀነቷን አጥብቃ አሰረች፣ አፏጨች።

ያን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ? ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን አይለምንም። እንደ ወይዘሮ ደጅ ቆሞ «ና፣ ምን ትጠብቃለህ» ይላል። ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ። አንዷ «ውይ!» አለች። ወንዱ ጭራሽ መናገር ረሳ፤ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ታረቀኝ ግን የተከፈተ አፉን፣ ከነክፍተቱ፣ ወደ ሚስቱ አዞረ።

«ወፊቱ!» አለ። «አንቺ ነሽ ወፊቱ!»

ተሾመች በእጇ ዝም አሰኘችውና ደገመችው። ሦስተኛውን ስትጀምር የነጠላዋ ጫፍ ተነሣ። ከዚያ የሁሉም ነጠላ ተነሣ። ገለባው እንደነቃ ሰው ተገላበጠ፤ ከታች ሐይቁ ተሸበሸበ።

«ላይዳ!» አለች። ሃምሳ ላይዳ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ወጣ።

ከላያችን አራቱ ተርባይኖች ተንቋቅተው መዞር ጀመሩ። ሁሉም ሲጮህ፣ ሲያዘራ፣ እልል ሲል፣ ታረቀኝ ብቻ ወደ ኋላው ያያል። ጥንብ አንሳዎቹ ነፋሱን ተቀምጠውበት ወደ ጋራው እየመጡ ነው፤ በገደሉ የነበሩት ዘጠኙ አሥራ አንድ ሆነዋል፣ ቀጥታ ወደ ክንፎቹ። ሬዲዮውን አወጣ።

«እድላዊት፣ አቁሚ።»

«ምን? ጋሼ፣ አሁን ገና እኮ ነው የዞሩት! ዘጠኝ ቀን ጠብቄ!»

«አሥራ አንድ ናቸው ልጄ። ነጩን ድንጋይ ሊያልፉ ነው።»

«እሺ ጋሼ፣» አለች፣ ድምፅዋ ሊያለቅስ የተቃረበ ሰው ይመስላል።

ወንዱ የሰማው ላይዳውን ወደ ላይ እንዳነሣ ነበር። «አቁሚ አልክ? ነፋሱን? አንተ ሰው፣ ጤፌ ገና መንገድ ላይ ነው!» ብሎ ሬዲዮውን ሊቀማ ሮጠ። ታረቀኝ አውድማውን ዞሮ ሸሸው፤ ሁለት ሽማግሌዎች በገለባ መሃል ሲሯሯጡ ክንፎቹ ቀስ ቀስ እያሉ ቆሙ።

ነፋሱ ግን አልቆመም። ባሰበት። ወንዱ ቆሞ የቆሙትን ተርባይኖች አየ፣ የሚበረውን ገለባ አየ፣ እንደገና ተርባይኖቹን አየ።

«አይሰጡም አይጠጡም፣» አልኩት። «አየህ?»

«እንግዲያው እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ?» አለና እየተነጫነጨ ወደ ላይዳው ተመለሰ።

ጥንብ አንሳዎቹ በቆሙት ክንፎች መካከል አለፉ። ጥላቸው በአውድማው ላይ፣ በጤፉ ላይ፣ በሰዉ ላይ አለፈ። አንዱም አልተነካም። ታረቀኝ የመጨረሻው እስኪያልፍ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ፣ ከዚያ «ቀጥዪ» አለ፤ ክንፎቹም ተነሡ። እስከ ምሽት ተዘራ። ኑርሀያት ጤፍዋን ጎተራ ያስገባችው በዚያው ዕለት ነው። ዝናቡ ሰኞ መጣ፤ አውድማው ላይ ያገኘው የወንዱን ላይዳ ብቻ ነው፣ ረስቶት።

ያን ማታ ታረቀኝ ቤት ጠላ ስንጠጣ ተሾመች ነገሩን ነገረችን። ላም ካልተፏጨላት ወተት አትሰጥም። ሠላሳ ዓመት፣ እሱ ገና ተኝቶ ሳለ፣ ላሞቿን በንጋት ስታልብ ታፏጭላቸዋለች፤ ባሏ ስልክ ይዞ ጌሾ ሥር የተወሸቀ ሳምንት ብቻ ላሚቱ ነጠፈች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ስምህ ነበራ። ምን ልበልህ? ብቻ ሦስተኛዋን ፉጨት ስትስብ ሁልጊዜ ታጎድላት ነበር፤ ጆሮዬን ያመኝ ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት?»

«ሠላሳ ዓመት።»

ክፍተቱን በምላሱ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ጋቢውን ከአፉ ላይ ሙሉ ለሙሉ አውርዶ ሳቀ፤ ከዚያን ወዲህም ሸፍኖት አያውቅም። ደሴ ወዳለው ሐኪምም አልሄደም።

አሁን እሱ ጋራው ላይ ሆኖ ገደሉን ያያል፤ አሞራዎቹ ሲነሡ ጋቢውን ያውለበልባል፤ እሷ ታፏጫለች። ሰርግ ቤት ሲገቡ «ነፋስ ጠሪዋ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» ይባላል፤ ወንዱ ደግሞ ከኋላ «ለነፋስ ባልም ጥግ ፈልጉለት!» ይላል። ታረቀኝ ጥጉን ይወደዋል። ከዚያ ሆኖ ሰማዩ በበር በኩል ይታየዋል።

የወሩን ቅጽ እንደልማዱ አመጣልኝ። «ጥንብ አንሳ፣ አሥራ አንድ፣ ሁኔታቸው፦ ነፋስ ይዘው መጡ፤ አመሰገንኳቸው» ይላል። ከሥሩ ያቺን የክረምቷን ያልታወቀች ወፍ የሚመለከት መስመር ጨምሯል። አዲስ አበባ እስካሁን መልስ አልላከም። እኔ ፊደሉን ብቻ አርሜ መለስኩለት፤ ሌላ የሚታረም አላገኘሁበትም።

«ተገኘች። ባለቤቴ ናት። ብዛት፦ አንድ። ሁኔታ፦ ስትፈልግ ታፏጫለች።»